አራስ ጥየቃ ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች፦ ስለ ዳውን ሲንድረም

ገንፎው ገና ሳይቀርብ አንዷ ትጠይቃለች፦ «እርጉዝ ሆነሽ ደንግጠሽ ነበር እንዴ?» ህፃኑ ዳውን ሲንድረም ካለበት፣ እናትየው ይህን ስንቴ እንደሰማችው እሷ ነች የምታውቀው።

ትልቁ ስህተት ይኸው ነው። ድንጋጤም፣ የበላችው ነገርም፣ የሰው ዓይንም ክሮሞዞም (ህዋስ ውስጥ ያለ፣ የዘር መረጃ የሚይዝ ክር) አይጨምርም። ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ያለቀው ሳትፀንስ ነው። የሴት እንቁላል መከፈል የሚጀምረው እሷ ራሷ ገና በእናቷ ማህፀን ሳለች ነው። ከዚያ መሃል ላይ ቀጥ ይልና 20፣ 30፣ አንዳንዴም 40 ዓመት ይጠብቃል። ክፍፍሉ ሲቀጥል 23ቱ የክሮሞዞም ጥንዶች መለያየት አለባቸው፤ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ። 21ኛው ጥንድ ሳይላቀቅ እንደተያያዘ ከቀረ፣ የአባት አንድ ሲጨመርበት ሦስት ይሆናል። 46 መሆን የነበረበት 47 ሆነ ማለት ነው፤ ዳውን ሲንድረም የሚባለውም ይኸው ነው። ይህ በሳይንስ የተገለጠው በ1959 ዓ.ም (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ለምርምሩ ህዋሶቹን በላብራቶሪ ያሳደገችው ሐኪሟ ማርት ጎትዬ ሆና ሳለ፣ ለረጅም ጊዜ የተወደሰው ግን ባልደረባዋ ዤሮም ሌዠን ነው። ያው የተለመደ ነው።

«በዕድሜ ገፍታ ስለወለደች ነው» የሚለውስ? ግማሽ እውነት ነው። ጥንዶቹን አያይዞ የሚያቆየው ፕሮቲን ከዕድሜ ጋር ይላላል። በ35 ዓመት ከ350 ወሊዶች በግምት አንዱ፣ በ40 ደግሞ ከ100 አንዱ ላይ ያጋጥማል። ግን የሚወልዱት በብዛት ወጣቶች ስለሆኑ፣ ወጣት እናት የወለደቻቸው ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆችም ብዙ ናቸው። ትርፉ ክሮሞዞም ከአባት የሚመጣበት ጊዜም አለ።

«በዘራችን የለም» ብሎ መሟገትም አያዋጣም። 95 በመቶ ያህሉ እንዲሁ የሚያጋጥም እንጂ የሚወረስ አይደለም። ከቀሪዎቹ አብዛኞቹ ላይ ግን የ21ኛው ቁራጭ ሌላ ክሮሞዞም ላይ ተጣብቆ ይገኛል። ይህን ጤነኛ ወላጅም ሳያውቀው ሊሸከመው ይችላል። ስለዚህ ሌላ ልጅ ከማሰብ በፊት የልጁን የክሮሞዞም ምርመራ ውጤት ሐኪም ቢያየው ጥሩ ነው።

ካንሰርም የህዋስ ክፍፍል ስህተት አለበት፤ ሁለቱን ማምታታት ግን አይገባም። እዚያ ክፍፍሉ የሚበላሸው በሰውነት ህዋስ ውስጥ ነው። ያ የክፍፍል ስህተት እዚያው ሰውዬው ላይ ይቀራል፣ ለልጅ አይተላለፍም።

በጣም የሚያናድደኝ ግን «መድኃኒት የለውም» ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው። ከነዚህ ልጆች ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ይወለዳሉ። ልጁ ደህና ቢመስልም የልብ አልትራሳውንድ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መነሳት አለበት። ችግሩ የልብ ቀዳዳ ከሆነ ብዙ ጊዜ በቀዶ ጥገና ይዘጋል። ከዘገየ ግን የሳንባው ደም ስሮች ይጎዳሉ፤ ያኔ ሐኪሞቹም ቀዶ ጥገናውን ላይደፍሩት ይችላሉ።