በመጠነኛ ዋጋ የጊታር ፔዳል ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጊታር ፔዳል ብቻውን ድምፅ የለውም። ከጊታሩ የሚመጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ተቀብሎ፣ ቅርጹን ለውጦ፣ ከፊቱ ላለው መሣሪያ ያቀብላል፤ በጆሯችን የምንሰማው ጊታሩ፣ ፔዳሉ፣ ኤሌክትሪኩ፣ ገመዱና ስፒከሩ አንድ ላይ የሠሩትን ነው። ከጓደኞቼ ጋር ፔዳል ስንገዛ፣ ስንለዋወጥና ስንሸጥ ለዓመታት እንዳየሁት፣ በአነስተኛ ገንዘብ የተገዛ ፔዳል ባለቤቱን ቅር የሚያሰኘው በርካሽነቱ ምክንያት እምብዛም አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ቅር የሚያሰኘው አብረውት ከሚሠሩት መሣሪያዎች ተነጥሎ ስለተመረጠ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶችም በአብዛኛው ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈጸመው ስህተት ድምፁ በምን እንደሚወጣ ሳያስቡ መግዛት ነው። በአገራችን ብዙ ጊታሪስት የራሱ የጊታር አምፕ (የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ) የለውም፤ በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት፣ በትምህርት ቤት መድረክ ወይም በሠርግ ላይ ጊታሩን የሚሰካው በቀጥታ ሚክሰር ላይ ወይም ለኪቦርድ በመጣው ስፒከር ላይ ነው። የጊታር አምፕ ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ ገደማ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ በእጅጉ ይቀንሰዋል፤ የዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክሩ) ፔዳሎች የተቀመሙትም ይህ ቅነሳ እንደሚኖር ታስቦ ነው። የሚክሰሩ ስፒከር ግን ሁሉንም ስለሚያወጣ፣ በአምፕ ላይ ሞቅ ብሎ የሚሰማው ያው ፔዳል በሚክሰር በኩል ሲሰማ እንደ ንብ መንጋ ይጮኻል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ፔዳሉ መጥፎ ነው ብለው ይሸጡትና ሌላ ዲስቶርሽን ይገዛሉ፤ ሁለተኛውም እንደ መጀመሪያው ይሆንባቸዋል።

አምፕ የሌለው ሰው የመጀመሪያ ገንዘቡን ሊያውል የሚገባው የአምፕንና የስፒከርን ጠባይ በሚያስመስል መሣሪያ ላይ ነው። ጆዮ የተባለው የቻይና አምራች የሚሠራው አሜሪካን ሳውንድ የተሰኘ ፔዳል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ የፌንደርን አምፕ ድምፅ እንዲመስል የተሠራ ሲሆን፣ የመጨረሻውን ቀጭን ድምፅ ራሱ ስለሚያለዝበው በቀጥታ ወደ ሚክሰር ሊገባ ይችላል። ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ሌላ ነገር አለ። ባትሪ የሌለው የተለመደው ጊታር 1 ሜጋ ኦም ገደማ የኤሌክትሪክ መቋቋም ያለው መግቢያ ይፈልጋል፤ የሚክሰር የላይን መግቢያ ግን ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ኦም ብቻ ስለሆነ ጊታሩ በቀጥታ ሲሰካበት ድምፁ ታፍኖና ደብዝዞ ይሰማል። በመካከል አንድ የበራ ፔዳል ሲኖር ይህ ችግር ይወገዳል። በፈር (ምልክቱን ሳያደክም የሚያሳልፍ ሰርኪት) ያላቸው እንደ ቦስ ኩባንያ ምርቶች ያሉ ፔዳሎች ደግሞ ጠፍተውም ቢሆን ይህን አገልግሎት ይሰጣሉ። በማስታወቂያ ላይ «ትሩ ባይፓስ» (ፔዳሉ ሲጠፋ ምልክቱ ወደ ሰርኪቱ ሳይገባ በቀጥታ የሚያልፍበት አሠራር) የሚለውን ቃል እንደ ጥራት ማረጋገጫ ብቻ የሚያዩ ገዢዎች ይህን ማወቅ ይጠቅማቸዋል፤ ረጅም ገመድ ለሚጠቀም ሰው ከመስመሩ አንድ ቦታ ላይ በፈር መኖሩ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም።

ሁለተኛው ስህተት ብዙ ፔዳል ያቃጠለው ነው፤ እርሱም ኤሌክትሪኩን በኋላ አስብበታለሁ ማለት ነው። አብዛኞቹ ፔዳሎች የሚሠሩት በ9 ቮልት ዲሲ ሲሆን፣ የመሰኪያው ውስጠኛ ክፍል ነጌቲቭ፣ ውጪው ፖዘቲቭ ነው። ይህ ከብዙ የቤት ዕቃዎችና ኪቦርዶች አዳፕተር ተቃራኒ ነው። መሰኪያው በመጠን ልክ ገብቶ ሳለ፣ 12 ቮልት የሚሰጥና ውስጡ ፖዘቲቭ የሆነ የኪቦርድ አዳፕተር ርካሽ ፔዳልን በአንድ ቅጽበት ሊገድለው ይችላል፤ ውድ የሆኑት ብዙውን ጊዜ መከላከያ ይኖራቸዋል፣ በርካሾቹ ላይ ግን ይህን መተማመን አይገባም። በፔዳሉና በአዳፕተሩ ላይ የታተመውን ትንሽ የክብ ሥዕል አስተያይቶ ማየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ከአሜሪካ ዘመድ ለሚልክላቸው ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እኔ ራሴ የመጀመሪያ ዲሌይ (ድምፅ የሚያስተጋባ) ፔዳሌን ያገኘሁት አክስቴ ከዚያ ስትመጣ አብራ ካመጣችው አዳፕተር ጋር ነበር። የሶኬት መቀየሪያ ገዝቼ ግድግዳው ላይ ሰካሁት፤ ጥቂት ቆይቶ የፕላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው። መቀየሪያው የሚለውጠው የሶኬቱን ቅርጽ ብቻ እንጂ ቮልቱን አለመሆኑን ያን ቀን ተማርኩ። የአሜሪካ መስመር 120 ቮልት ሲሆን የእኛ 220 ነው። በአዳፕተሩ ላይ «ከ100 እስከ 240» የሚል ከተጻፈ በሁለቱም አገር ያለ ሥጋት ይሠራል፤ 120 ብቻ ከተባለ ግን እዚያው ቀርቶ ሌላ እዚህ ቢገዛ ይሻላል። ከአውሮፓ፣ ከእስራኤል ወይም ከዱባይ የሚመጣው በአንጻሩ በ230 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ በዚህ በኩል አያሳስብም።

ቮልቱ ከተስተካከለ በኋላ ደግሞ የሚሊ አምፔሩ ሒሳብ አለ። አንድ የአናሎግ ኦቨርድራይቭ (ለስለስ ያለ ዲስቶርሽን) ወይም ዲስቶርሽን የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሚሊ አምፔር በታች ነው፤ ዲጂታል ዲሌይ ወይም ሪቨርብ (የአዳራሽ ድምፅ የሚያስመስል) ግን ከ50 እስከ 100፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ባለ 9 ቮልት የአልካላይን ባትሪ ድንጋይ በግምት 500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ቢይዝ፣ ኦቨርድራይቩን ሃምሳ ሰዓት ገደማ ሲያሠራው ዲጂታሉን የሚያሠራው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ለሚለማመድ ሰው ይህ ልዩነት ከድምፁ ጥራት የማይተናነስ የመምረጫ ምክንያት ነው። በጣም ትንንሾቹ ፔዳሎች ባትሪ ማስቀመጫ ቦታ እንኳ የላቸውም፤ ይህንንም ከመግዛትዎ በፊት መጠየቅ ይገባዎታል። ባትሪ የሚይዙት ደግሞ የጊታሩ ገመድ መግቢያው ላይ እንደተሰካ ከቆየ፣ ፔዳሉ ባይበራም ባትሪውን መብላታቸውን አያቆሙም፤ ስለዚህ ልምምድ ሲያበቃ ገመዱን መንቀል ያስፈልጋል። በአንድ አዳፕተር ቅርንጫፍ ባለው ገመድ ብዙ ፔዳሎችን ማሠራት ገንዘብ ይቆጥባል፤ ዲጂታሉ ከዲስቶርሽኑ ጋር ሲጋራ ግን አንዳንዴ የሚያፏጭ ጩኸት ይፈጠራል። ያን ጊዜ ለዲጂታሉ የራሱን አዳፕተር መስጠት በቂ ነው።

ሦስተኛው ስህተት ዲስቶርሽንን ብቻዎን በክፍል ውስጥ ሆነው መመዘን ነው። ለብቻ ሲጫወቱ ጌይኑ (የዲስቶርሽኑ መጠን) ወደ መጨረሻው ተጠግቶ፣ ወፍራሙና ቀጭኑ ጨምሮ፣ መካከለኛው ጎድሎ የሚሰማው ድምፅ ግዙፍና ማራኪ ነው። ይኸው ድምፅ ከቤዝ፣ ከድራምና ከኪቦርድ ጋር ሲቀላቀል የት እንደገባ አይታወቅም፤ ወፍራሙን ቤዙ፣ ቀጭኑን ሲምባሉ ይይዘዋልና ጊታሩ የራሱ ቦታ ያጣል። አይባኔዝ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ያወጣው ቲዩብ ስክሪመር የተሰኘ ኦቨርድራይቭ ለብቻው ሲሰማ አፍንጫ አፍንጫ የሚል መስሎ ሳለ እስከ ዛሬ የሚፈለገው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከ720 ኸርዝ ገደማ በታች ያለውን እየቀነሰ መካከለኛውን ስለሚያጎላ ጊታሩ ከባንዱ መካከል ተለይቶ ይወጣል። የዚህን ሰርኪት ርካሽ ቅጂ ብዙ ኩባንያዎች ስለሚሠሩት፣ ለባንድ ጊታሪስት የመጀመሪያ ምርጫ ቢሆን እመክራለሁ።

የእኛን ሙዚቃ ለሚጫወት ሰው ከፍተኛ ጌይን የሚያመጣው ሌላ ጉዳትም አለ። በአማርኛ ዘፈን ውስጥ ሊድ ጊታሩ ድምፃዊው ሲያርፍ ይቀበላል፤ በቅኝቱ ላይ የሚመላለሱት ፈጣን ሐረጎች ውበታቸው ያለው በጣት አመታቱና በእያንዳንዱ ድምፅ መጀመሪያ ላይ ነው። ጌይን ሲበዛ ደካማውና ብርቱው አመታት እኩል ይሆናሉ፣ ሐረጉም ይለሰልሳል። ሁለት ድምፅ በአንድ ጊዜ ሲመቱ ደግሞ ዲስቶርሽኑ የሁለቱን ድምርና ልዩነት የሆኑ አዳዲስ ድምፆች ይፈጥራል። በአምስተኛውና በኦክታቩ ላይ እነዚህ ድምፆች ከቅኝቱ ጋር ይስማማሉ፤ በሦስተኛው ላይ ግን ይረበሻሉ። ለምሳሌ በሙሉ ትዝታ ዶ እና ሚን አንድ ላይ በብዙ ጌይን ቢመቱ የሚሰማው ጭቃ ሲሆን፣ ዶ እና ሶል ግን ጥርት ብለው ይወጣሉ። ስለዚህ ፔዳሉን በሱቅ ሲሞክሩት ጌይኑን ከሩብ ጀምረው ቢያዞሩትና በዝቅተኛው ላይ ምን ያህል ለጣት እንደሚታዘዝ ቢያዳምጡ፣ ከፍተኛውን ከማድነቅ የበለጠ ይጠቅምዎታል።

ዲሌይ ሲመርጡ ምቱን መርሳትም እንዲሁ የተለመደ ነው። በርካታ ፔዳሎች ላይ የሚገኘው ዝነኛ የማስተጋቢያ አማራጭ የአንድ ምት ሦስት አራተኛ የሆነው ክፍተት ሲሆን፣ በአራት ለሚቆጠር ዘፈን የተመቸ ነው። የእኛ ችክችካ ግን በ6/8 የሚሄድ፣ እያንዳንዱ ትልቅ ምት በሦስት የሚከፈል ነው። ትልቁ ምት በደቂቃ 100 ጊዜ ቢመታ፣ አንዱ ምት 600 ሚሊ ሰከንድ፣ ሦስተኛው ክፍል ደግሞ 200 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ዲሌዩ በ200፣ በ400 ወይም በ600 ላይ ሲደረግ ከከበሮው ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ያ ዝነኛ አማራጭ ግን 450 ላይ ስለሚወድቅ በ400 እና በ600 መካከል ገብቶ ምቱን ያደናቅፋል። ስለሆነም ፍጥነቱን በእግር መትተው የሚሰጡበትና ምቱን በሦስት የሚከፍል አማራጭ ያለው ዲሌይ፣ ጥቂት ዋጋ ቢጨምርም፣ ለዚህ ሙዚቃ የተሻለ ነው። ይህ ከሌለው፣ ማዞሪያው ላይ የ200ውን ቦታ በቀለም ምልክት ማድረግም ይቻላል።

ስለ ስምና ስለ ቅጂ ብዙ ክርክር ይደረጋል። ቦስ ዲኤስ-1 የተባለውን ዲስቶርሽን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን አሁንም ያመርተዋል፤ የቲዩብ ስክሪመር ልብ የሆነው 4558 የተባለው ቺፕም ለብዙ የድምፅ መሣሪያዎች የሚውል ተራና ርካሽ ቺፕ ነው። የእነዚህ ሰርኪቶች አሠራር ምሥጢር ስላልሆነ፣ ቤሪንገር ወይም ጆዮ ሲሠራው ድምፁ በጣም ቢቀራረብ አያስደንቅም። ለስሙ የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ በዋነኛነት የሚገዛው የብረት ሽፋንን፣ ጠንካራ ጃክንና ለዓመታት የሚረገጥ ማብሪያን ነው። ስህተቱ ይህን ሳይለዩ መክፈል ወይም ሳይለዩ መቆጠብ ነው፤ ቤት ውስጥ ለሚለማመድ ሰው የፕላስቲክ ፔዳል ለዓመታት ያገለግለዋል፣ በየሳምንቱ መድረክ ላይ በጫማ ለሚረግጠው ግን የብረቱ ይሻለዋል።

ፔዳሎችን በተናጠል እየገዙ ድምሩን አለማስላትም ገንዘብ ያባክናል። ሦስት ርካሽ ፔዳሎች ከአዳፕተራቸው፣ ከአጫጭር ማገናኛ ገመዶቻቸውና ከመያዣቸው ጋር ሲደመሩ ብዙውን ጊዜ የአንድ ትንሽ መልቲ ኢፌክት ዋጋ ይደርሳሉ። እንደ ዙም ጂ1 ፎር ያለው መሣሪያ ኦቨርድራይቩን፣ ዲሌዩን፣ ቱነሩን (የክር ማስተካከያውን)፣ የምት ማጫወቻውንና የአምፕ ማስመሰያውን በአንድ ላይ ይዞ፣ በ4 የደብል ኤ ባትሪ ድንጋዮች ይሠራል። የሚፈልገውን ድምፅ ገና ለይቶ ላላወቀ ጀማሪ ይህ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ኮረስና ፌዘር ምን እንደሚያደርጉ ሳይገዛቸው ይማርበታል። የሚወደውን አንድ ድምፅ ለይቶ ያወቀና በመድረክ ላይ ጎንበስ ብሎ ምናሌ መፈለግ የማይሻ ሰው ግን ያንኑ አንድ ፔዳል ቢገዛ ይሻለዋል።

ቱነርን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል፤ ገንዘብዎ ውስን ከሆነ ለቱነር ፔዳል አይክፈሉ። በጊታሩ ራስ ላይ የሚቆነጠጠው ትንሹ ቱነር የክሩን ንዝረት ከእንጨቱ ስለሚያነብ በጩኸት መካከልም ይሠራል።

የመጨረሻው ስህተት ያገለገለ ፔዳል በሻጩ ገመድ፣ በሻጩ አዳፕተርና በሻጩ ጊታር ሞክሮ መግዛት ነው። የራስዎን ጊታርና ገመድ ይዘው ይሂዱ። ማዞሪያዎቹን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር እያዞሩ የመንኮሻኮሽ ድምፅ መኖሩን ያዳምጡ፤ ይህ ካለ በኮንታክት ማጽጃ ሊጠፋ ስለሚችል ዋጋ ለማስቀነስ ምክንያት እንጂ ለመተው ምክንያት አይደለም። ማብሪያውን ሃያ ጊዜ ያህል ይርገጡት፣ መሰኪያዎቹን ገመዱ እንደገባ በቀስታ ይወዝውዟቸው፣ የባትሪውን ክፍል ከፍተው አረንጓዴ ዝገት መኖሩን ይመልከቱ። በኪስዎ አንድ አዲስ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ይያዙ፤ ፔዳሉ በአዳፕተር ሲሠራ እምምም የሚል ድምፅ ካሰማ፣ አዳፕተሩን ነቅለው ባትሪውን ያስገቡለት። ድምፁ ከጠፋ የታመመው አዳፕተሩ ስለሆነ ፔዳሉን ሊገዙት ይችላሉ፤ ካልጠፋ ግን ገመድዎን ቀይረው አንድ ጊዜ ብቻ ይሞክሩና፣ አሁንም ካለ ለሻጩ አመስግነው ይመልሱለት።