ብርድ ከመግባቱ በፊት፦ በጋዝ የሚሠራ የሙቅ ውሃ ማሞቂያ ወቅታዊ እንክብካቤ

በጋዝ ነበልባል ውሃ አሙቆ ክፍሎችን በራዲያተር የሚያሞቅ ሥርዓት ዝግ ዑደት ነው፤ ቦይለሩ ያሞቀውን ውሃ ፓምፑ ወደ ራዲያተሮቹ ይገፋዋል፣ ሙቀቱን ያራገፈው ውሃም እንደገና ሊሞቅ ይመለሳል። ሥርዓቱ ጤነኛ ከሆነ አምና የዞረው ውሃ ዘንድሮም ይዞራል። በየጥቂት ሳምንቱ ውሃ ጨምሩልኝ የሚል ማሞቂያ ግን የሆነ ቦታ ላይ ውሃ እያጣ ነውና፣ ወቅታዊው እንክብካቤ ከግፊት መለኪያው ቢጀምር ይመረጣል።

ማሞቂያውን አጥፍተው ውሃው ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ከጠበቁ በኋላ መለኪያውን ያንብቡ። በአብዛኞቹ መኖሪያ ቤቶች ቀዝቃዛው ግፊት ከ1 እስከ 1.5 ባር (የግፊት መለኪያ አሃድ) ነው። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ 1 ባር ያህል ግፊት ስለሚፈጥር፣ ከፍ ያለ ቤት ውሃው ላይኛው ራዲያተር ድረስ እንዲደርስ የበለጠ ግፊት ይፈልጋል፤ ለእርስዎ ቦይለር የሚስማማው ቁጥር በመመሪያው ላይ ይገኛል። ግፊቱ ዝቅ ካለ የመሙያውን ቫልቭ ቀስ ብለው ከፍተው መርፌው ተገቢው ቦታ ሲደርስ አጥብቀው ይዝጉ። ይሁንና መሙላት መፍትሔ አይደለም። አዲስ ውሃ ኦክስጅን ይዞ ይገባል፣ ኦክስጅኑም ብረቱን ያዝገዋል፣ ዝገቱ ደግሞ ጥቁር ጭቃ ሆኖ በራዲያተሮች ግርጌ ይተኛል። ስለዚህ በአንድ የብርድ ወቅት ከአንድ ወይም ከሁለት ጊዜ በላይ መሙላት ካስፈለገ በየመገጣጠሚያው፣ በየቫልቩ አንገትና በፓምፑ ጓርኒሽን (ማሸጊያ) ዙሪያ እርጥበት ወይም ነጭና አረንጓዴ ቅርፊት መኖሩን በባትሪ ብርሃን ይፈትሹ።

የትም ቦታ እርጥበት ካልተገኘ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ የማስፋፊያ ታንከሩ ነው፤ በእኔ እምነት ከሥርዓቱ ክፍሎች ሁሉ ይህን ያህል የሚዘነጋ የለም። ውሃ ከ10 ወደ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ መጠኑ ወደ 3 በመቶ ይጨምራል፤ 100 ሊትር ውሃ ያለው ሥርዓት ለ3 ሊትር ያህል ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል ማለት ነው። ይህን ቦታ የሚሰጠው በታንከሩ ውስጥ በጎማ ሽፋን ከውሃው የተለየው አየር ነው። አየሩ ሲያልቅ ውሃው መሄጃ ስለሚያጣ ግፊቱ ይንራል፣ ብዙውን ጊዜ በ3 ባር የሚከፈተው የደኅንነት ቫልቭም ውሃውን ያፈስሳል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል፤ የቤቱ ባለቤትም ጠዋት ተነሥቶ ውሃ ይሞላል። አዙሪቱ እንዲህ ይቀጥላል።

ታንከሩ ላይ እንደ ብስክሌት ጎማ ያለ የአየር ቫልቭ አለ። ክዳኑን ፈትተው መሐል ያለችውን ፒን ለቅጽበት ይጫኑ፦ ውሃ ከወጣ የጎማው ሽፋን ተቀዷልና ታንከሩ ይቀየራል። አየር ከወጣ ግፊቱን በጎማ መለኪያ መለካት ይቻላል፤ ነገር ግን አስቀድሞ ማሞቂያው መጥፋትና መቀዝቀዝ፣ የውሃው ግፊትም ወደ ዜሮ መውረድ አለበት። ይህ ካልተደረገ መለኪያው የሚያሳየው ከሽፋኑ ማዶ የሚገፋውን የውሃ ግፊት ስለሚሆን ባዶ የሆነውን ታንከር ደኅና አስመስሎ ያሳያል። የጎደለውን አየር በታንከሩ ላይ እስከተጻፈው መጠን በጎማ መንፊያ ሞልተው ውሃውን ወደ ቦታው ይመልሱ።

ቀጥሎ ራዲያተሮቹን በእጅ ይዳስሱ። ታቹ ሞቆ ላዩ ከቀዘቀዘ አየር ታስሯል፤ ላዩ ሞቆ የታችኛው መሐል ከቀዘቀዘ ግን ጭቃ ነው፣ ይህም በባለሙያ መታጠብ ይፈልጋል። አየሩን ለማስወጣት ማሞቂያውን አጥፍተው ውሃው እስኪበርድ ይጠብቁ፣ ከዚያም ከታችኛው ፎቅ ጀምረው ወደ ላይ ይሂዱ። በራዲያተሩ ላይኛ ጫፍ ካለችው ትንሽ የአየር ማስተንፈሻ ብሎን ሥር ጨርቅ ይያዙ፣ ግድግዳውንም ይሸፍኑ፤ የሚወጣው ጥቁር ውሃ ቀለም ላይ ከነካ አይለቅም። ብሎኑን በቁልፉ ሩብ ዙር ያህል ብቻ ያላሉ። መጀመሪያ የፉጨት ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ አየርና ውሃ እየተቀላቀሉ ይተፋሉ፤ ውሃው ሳይቆራረጥ መውረድ ሲጀምር ይዝጉት። ሲጨርሱ ግፊቱ መውረዱ አይቀርምና ወደ መለኪያው ይመለሱ።

የጋዙ ወገን ከዚህ የተለየ ነው። የጋዝ ቫልቩን፣ የማቃጠያውን ክፍልና የጭስ ማውጫውን መክፈት በዓመት አንድ ጊዜ ለሚመጣው ፈቃድ ያለው ባለሙያ የሚተው ሥራ ሲሆን፣ የእርስዎ ድርሻ ማየትና ማሽተት ነው። የአየር ማስገቢያውና የጭስ ማውጫው አፍ በቅጠል፣ በወፍ ጎጆ ወይም በተከመረ ዕቃ አለመዘጋቱን ይመልከቱ። ነበልባሉ በመስኮት የሚታይ ከሆነ ሰማያዊና የተረጋጋ መሆን አለበት፤ ቢጫ ነበልባል ወይም በቦይለሩ ዙሪያ የታየ ጥላሸት ጋዙ በደንብ አለመቃጠሉን ስለሚያመለክት ማሞቂያውን አጥፍተው ባለሙያ ይጥሩ። ጋዙ በደንብ ሳይቃጠል ሲቀር የሚፈጠረው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ቀለምም ሽታም ስለሌለው የማስጠንቀቂያ መሣሪያውን በመሞከሪያ ቁልፉ ይፈትሹ፣ ከጀርባው የተጻፈውን የአገልግሎት ዘመን ማብቂያም ያንብቡ። የጋዝ ሽታ ከተሰማ ማብሪያ ማጥፊያ ሳይነኩ፣ ክብሪትም ሳይጭሩ ሁሉንም ሰው ይዘው ይውጡና ከውጭ ሆነው ይደውሉ።

ብርዱ ሲያልፍ ውሃውን ለማፍሰስ አይቸኩሉ፤ ባዶ ቧንቧ ከሞላ ቧንቧ ይልቅ ቶሎ ይዝጋል። የራዲያተሮቹን ቫልቮች ሙሉ በሙሉ ክፍት አድርገው ይተዉ፣ ፓምፑንም በወር አንድ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ያሠሩ፤ ወራት ሙሉ የቆመ ፓምፕ ሊነክስ፣ ማለትም ተጣብቆ መዞር ሊያቅተው ይችላል። በመጨረሻም ቀኑን፣ ቀዝቃዛውንና ትኩሱን ግፊት በትንሽ ወረቀት ጽፈው ቦይለሩ አጠገብ ይለጥፉ። በሚቀጥለው ወቅት የሚመጣው ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት ይህንኑ ነው።