የግቢ ውሻችሁን እንዴት ታበጥራላችሁ፣ ታጥባላችሁ (ለጤናውም ለእናንተም)

ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ሰበታ አካባቢ ያለን ሰዎች ውሻ የምናሳድገው ያው ለጥበቃ ነው፣ ቀን ታስሮ ይውላል ማታ ይፈታል፣ ትራፊ ይጣልለታል በቃ። ውሻ ማበጠር ሲባል ብዙ ሰው ይስቃል፣ ቅንጦት ነው የሚመስለው። ነገሩ ግን ከማሳመር ጋር ብዙም አይገናኝም፣ ዋናው ጥቅሙ ሰውነቱን በእጃችሁ መዳሰሳችሁ ነው፣ ፀጉር ስር ያለ ቁስል ከበረንዳ ሆናችሁ አይታያችሁማ። በሳምንት አንዴ ሩብ ሰዓት ከሰጣችሁት መዥገሩንም እከኩንም እብጠቱንም ሳይብስ ታገኙታላችሁ።

እቃው ብዙ አይደለም፣ ብሩሽ ወይ ማበጠሪያ፣ ወረንጦ፣ ጓንት፣ ጥጥ፣ አሮጌ ፎጣ፣ የውሻ ሻምፖ። ከዛ በፊት ግን የእብድ ውሻ ክትባቱ ጊዜው አልፎ እንደሆነ እዩ፣ ያልተከተበ ውሻ አፍ አጠገብ እጅ ማስገባት ቀልድ አይደለም። ከነከሳችሁ ቁስሉን ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ታጥባችሁ በዛው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ።

መጀመሪያ ሰንሰለቱን ፍቱና አንገቱን እዩ። ሰው ሁሉ የሚዘነጋው ይሄን ነው። ቡችላ እያለ የታሰረለት ማሰሪያ ሲያድግ ይጠብበውና ቆዳውን ይበላዋል፣ ፀጉሩ ስለሚሸፍነው ሽታው እስኪመጣ ወይ ዝንብ እስኪከበው ማንም አያውቅም። ሁለት ጣት በቀላሉ ካላስገባ አላሉት። ቁስል ካለ በዛ በኩል አትሰሩት፣ ትል ከታየ ደሞ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

ቀጥሎ ማበጠር፣ ሁሌም ከመታጠቡ በፊት፣ ምክንያቱም የተቋጠረ ፀጉር ውሃ ሲነካው ይብስበታል። በፀጉሩ አቅጣጫ ከአንገት ወደ ጭራ ውረዱ፣ ሜዳ ውሎ የመጣ ከሆነ ጭጎጎቱን አንድ በአንድ በእጅ ልቀሙ፣ አትጎትቱት። ጀርመን ሸፐርድ ያላችሁ ሙቀት ነው ብላችሁ እንዳትላጩት፣ ፀጉሩ ከብርድም ከፀሃይም ይከላከልለታል። ስታበጥሩ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰ የሚመስል ጥቁር ነገር ካያችሁ ነጭ ሶፍት አርጥባችሁ እላዩ ላይ አሹት፣ ሶፍቱ ቀይ ቡናማ ከሆነ እሱ የቁንጫ ኩስ ነው፣ የውሻችሁ ደም ማለት ነው።

አሁን መዥገር። ጆሮው ውስጥና ዙሪያ፣ ጣቶቹ መሃል፣ ብብቱ፣ ጭራው ስር፣ እዚህ ፈልጉ። ጓንት አድርጋችሁ በወረንጦ ከቆዳው ጋ አስጠግታችሁ ያዙትና ሳትጠመዝዙ ቀጥ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ሳቡት፣ አልኮል ውስጥ ክተቱት፣ በጣት አታፍርጡት። ነጭ ጋዝ ማፍሰስ፣ በክብሪት ማቃጠል የሚባለውን ተዉት። መዥገር ኤርሊኪያና ባቤዢያ የሚባሉ በሽታዎች ያመጣል፣ ስለዚህ ከንፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ ድዱን እዩ፣ ከነጣና ውሻው ምግብ እምቢ ካለ ነገ ዛሬ ሳትሉ ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ለከብት የሚረጨውን መድሃኒት ከጎረቤት ተበድሮ በግምት መርጨት በኛ ሰፈር የተለመደ ነው፣ እከክ ላይ የተቃጠለ ዘይት መቀባትም እንደዛው። ውሻ ራሱን ይልሳል፣ የቀባችሁት ሁሉ ሆዱ ይገባል፣ የከብቱ መድሃኒት ደሞ መጠኑ ለሱ አልተሰራም። ክብደቱን አስገምታችሁ ከእንስሳት መድሃኒት ቤት የውሻ የሆነውን ግዙ። ድመት ያላችሁ ደሞ፣ ፐርሜትሪን ያለበትን የውሻ መድሃኒት ድመት ላይ እንዳታደርጉ፣ ይገድላታል።

እጥበቱ በወር አንዴ ወይ ሲቆሽሽ ይበቃል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄም ትልቅ ነገር ነው፣ ከጀሪካን በጆግ እየቀዳችሁ ብታደርጉት አይባክንም። ፀሃይ ያለበት ቀን ምረጡ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ጥሩ ነው፣ ማታ ሱሉልታ ንፋስ ላይ እርጥብ ውሻ ማሳደር ግፍ ነው። ውሃው ለብ ይበል። ኦሞ፣ ላርጎ፣ በረኪና አይሆንም፣ የውሻ ቆዳ ከሰው ቆዳ የሳሳ ስለሆነ ይደርቅና ያሳክከዋል፣ ከዛ አከከ ብላችሁ መልሳችሁ ልታጥቡት ነው። ቁንጫ ካለው መጀመሪያ አንገቱን ዙሪያውን በአረፋ ክበቡት፣ አለዚያ ሰውነቱ ሲረጥብ ቁንጫው ሁሉ ወደ ፊቱና ጆሮው ይሮጣል። ከአንገት በታች እሹት፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ በደንብ አለቅልቁ፣ ሆዱ ስር አረፋ እንዳይቀር። ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ። በፎጣ አድርቁት።

ጆሮው የሚታየውን ክፍል በእርጥብ ጥጥ ጥረጉ፣ እንጨት ያለው የጆሮ ጥጥ ወደ ውስጥ አይገባም። ከሸተተ ወይ ጭንቅላቱን ቶሎ ቶሎ የሚያራግፍ ከሆነ ለሐኪም ተዉት።

ጥፍር ላይ፣ ኮብልስቶን ላይ የሚሮጥ ውሻ ራሱ ይፍቀዋል፣ ታስሮ የሚውለው ግን ያድግበታል፣ በተለይ ከላይ ያለችው መሬት የማትነካዋ ጥፍር ዞራ ስጋው ውስጥ ትገባለች። ጥቁር ጥፍር ውስጥ ደም ስሩ ስለማይታይ ጫፍ ጫፉን በትንሽ በትንሹ ቁረጡ፣ ከደማ የበቆሎ ስታርች ይዛችሁ ተጫኑት።

ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ልጆች ካገዟችሁ እነሱም። በበአል ሰሞን የታረደ በግ ጥሬ ሳንባና ጉበት የተጣለለት ውሻ የትል እንቁላል ፀጉሩ ላይ ሊኖር ይችላል፣ ያ ደሞ ሰው ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እጢ ያወጣል።

በመጨረሻ የሚተኛበት ጨርቅ። የቁንጫው እንቁላልና እጭ ያለው ውሻው ላይ ሳይሆን ባብዛኛው እዛ ነው፣ ስለዚህ በዛው ቀን በፈላ ውሃ እጠቡት፣ ፀሃይ ላይ አስጡት፣ ጎጆውን ጥረጉ፣ አለዚያ በሳምንቱ ቁንጫው ተመልሶ ይመጣል። ክረምት ላይ ሲሆን ጨርቁን ካርቶን ወይ ጣውላ ላይ አንጥፉለት፣ ጭቃው እርጥበቱን ወደ ላይ ይሰጣል። ውሻው እምቢ ካለና ማጉረምረም ከጀመረ ዛሬ አንገቱንና ጆሮውን ብቻ አድርጋችሁ የቀረውን ለቅዳሜ አቆዩት።