ባዮኬሚስትሪ አልገባ ሲል፦ ችግሩ የቱ ጋ ነው? መፍትሄውስ?

ባዮኬሚስትሪ የሚከብደው ተማሪ ብዙ ጊዜ ሰነፍ አይደለም። እንዲያውም ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠና ያድራል። ግን የሚያጠናው ስም ነው። ፈተናው ደግሞ ስም አይጠይቅም፤ ቻርጁ ስንት ነው፣ ኤሌክትሮኑ ወዴት ሄደ፣ ኮንሰንትሬሽኑ ቢቀየር ምን ይፈጠራል እያለ ነው የሚያፋጥጠው። ከታች ያሉትን በተራ ማንበብ አያስፈልግም። የራሳችሁን ምልክት ፈልጉና ከዚያ ጀምሩ።

«አሚኖ አሲዱን አውቀዋለሁ፣ ቻርጁን ስጠየቅ ግን እገምታለሁ»

ምክንያቱ፦ ፒኬኤን እንደ ስልክ ቁጥር ሸምድዳችሁታል። ፒኬኤ ድንበር ነው። አንድ ግሩፕ ግማሹ ፕሮቶኑን ይዞ፣ ግማሹ ለቆ የሚገኝበት ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ማለት ነው። ፒኤቹ ከዚያ በታች ሲሆን ፕሮቶኑ በብዛት አለ፣ በላይ ሲሆን በብዛት ሄዷል። በቃ።

ሁለተኛው ስህተት ደግሞ «ፕሮቶን ከለቀቀ ኔጌቲቭ ነው» ብሎ መደምደም ነው። ለካርቦክሲል እውነት ነው፤ ከዜሮ ወደ −1 ይሄዳል። አሚን ግን ከ+1 ወደ ዜሮ ነው የሚወርደው፣ ኔጌቲቭ አይሆንም።

መፍትሄውን በላይሲን እንየው። ሦስት ፒኬኤ አለው፦ 2.18፣ 8.95 እና 10.53። ፒኤች 7 ላይ ካርቦክሲሉ ፕሮቶኑን ለቋል፣ −1። ሁለቱ አሚኖች ገና እንደያዙ ናቸው፣ +1 እና +1። ድምሩ +1። አይሶኤሌክትሪክ ፖይንቱን (ድምር ቻርጁ ዜሮ የሚሆንበትን ፒኤች) ፈልጉ ስትባሉ ሦስቱን ደምሮ ለሦስት ማካፈል ያጓጓል፣ 7.22 ይመጣል። ግን አሁን እኮ ፒኤች 7 ላይ +1 ነው ብለናል! ትንሽ ከፍ ብሎ 7.22 ላይ እንዴት ዜሮ ይሆናል? ትክክለኛው መንገድ የተጣራው ቻርጅ ዜሮ የሚሆንበትን ሁኔታ ፈልጎ፣ ከግራና ከቀኙ ያሉትን ሁለት ፒኬኤዎች ብቻ መውሰድ ነው። እዚህ 8.95 እና 10.53 ናቸው፣ አማካያቸው 9.74። ቤዚክ አሚኖ አሲድ ስለሆነ ከ7 በላይ መውጣቱም ያስኬዳል። ወረቀት ላይ ከዝቅተኛ ፒኤች ጀምራችሁ ፕሮቶኖቹን አንድ በአንድ እያነሳችሁ ቻርጁን ጻፉ። ይህን ለአስፓርቴትና ለሂስቲዲን ከደገማችሁት ከዚያ በኋላ አይጠፋችሁም።

«ባፈሩን በቀመሩ ሠርቼዋለሁ፣ ፒኤቹ ግን አልያዘም»

ባፈር ፒኤች እንዳይዋዥቅ የሚይዝ የአሲድና የቤዝ ድብልቅ ነው። መጀመሪያ ፒኬኤውን እዩ። ከምትፈልጉት ፒኤች በአንድ አሃድ ገደማ ውስጥ ካልሆነ አቅም የለውም። ቀመሩ «ፒኤች = ፒኬኤ + ሎግ (ቤዝ ÷ አሲድ)» ስለሆነ፣ አንድ አሃድ በራቃችሁ ቁጥር ጥምርታው አሥር እጥፍ ይዛባል፤ አንደኛው ወገን ያልቃል ማለት ነው። ፒኬኤው ደህና ከሆነ ባፈሩ በጣም ቀጥኖ እንደሆነ ተመልከቱ። ትሪስ የሚባለው የላብራቶሪ ባፈር ከሆነ ግን ተጠርጣሪው ሙቀት ነው። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 8.0 ያደረጋችሁት ትሪስ 4 ዲግሪ ላይ 8.6 አካባቢ ይደርሳል። የምትሠሩበት ሙቀት ላይ አስተካክሉት።

«ታዲያ የደም ባይካርቦኔት ፒኬኤው 6.1 ሆኖ 7.4 ላይ እንዴት ይሠራል?» የሚል ካለ ጥሩ ጥያቄ ነው። ጥምርታው 20 ለ 1 ነው፣ በመደበኛ ባፈር ስሌት ደካማ ነው። ግን ሳንባ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያስወጣል፣ ኩላሊት ባይካርቦኔቱን ይቆጣጠራል። ብልቃጥ ውስጥ እንደተዘጋ ባፈር አትዩት።

«ኢንሂቢተር ሲመጣ ኬኤምና ቪማክስ ይምታቱብኛል»

ኢንሂቢተር ኢንዛይሙን የሚያግድ ሞለኪውል ነው። ቪማክስ የኢንዛይሙ ከፍተኛ ፍጥነት ነው፤ ኬኤም ደግሞ የዚያ ፍጥነት ግማሽ የሚገኝበት የሰብስትሬት (ኢንዛይሙ የሚሠራበት ሞለኪውል) ኮንሰንትሬሽን ነው። የሚምታታባችሁ ሰንጠረዡን ስለሸመደዳችሁ ነው። ሰንጠረዡን ተዉትና አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ኢንሂቢተሩ የሚጣበቀው ማን ላይ ነው? ባዶው ኢንዛይም ላይ፣ የሰብስትሬቱን ቦታ ይዞ ከሆነ ሰብስትሬት በገፍ ስትጨምሩ ይገፋል። ስለዚህ ቪማክስ አይነካም፣ ኬኤም ይጨምራል፤ ይሄ ኮምፒቴቲቭ ነው። ሰብስትሬት የያዘው ኢንዛይም ላይ ብቻ የሚጣበቅ ከሆነ ሰብስትሬት መጨመር ምንም አያደርገውም፣ እንዲያውም መጣበቂያ ያበዛለታል። ኬኤምም ቪማክስም ይቀንሳሉ፣ አንኮምፒቴቲቭ። ባዶውም ሰብስትሬት የያዘውም ኢንዛይም ላይ እኩል የሚጣበቀው ንጹሕ ኖንኮምፒቴቲቭ ደግሞ ቪማክስን ብቻ ያወርዳል።

የላይንዊቨር-በርክ ግራፍ (1 በፍጥነት ከ1 በሰብስትሬት ጋር የሚሳልበት) ላይ የምትሳሳቱት መስመሩ ቀጥ ያለውን አክሲስ የሚቆርጥበት ቦታ 1 በቪማክስ መሆኑን ስለምትረሱ ነው። ወደ ላይ ወጣ ማለት ቪማክስ ወረደ ማለት ነው።

«ዴልታ ጂው ፖዘቲቭ ነው፣ ታዲያ ሪአክሽኑ እንዴት ወደፊት ሄደ?»

ዴልታ ጂ የሪአክሽኑ የነፃ ኃይል ለውጥ ነው፤ ኔጌቲቭ ሲሆን ሪአክሽኑ ወደፊት ይሄዳል። እኔን ከጠየቃችሁኝ የኮርሱ ግማሽ ግራ መጋባት እዚህ ነው ያለው። መጽሐፉ ሰንጠረዥ ላይ የሚያስቀምጠው ስታንዳርዱን ዴልታ ጂ ነው፤ ሁሉም ነገር 1 ሞላር፣ ፒኤች 7፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሆኖ። እንዲህ ያለ ሴል የለም። ሪአክሽኑ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው በዚያች ሰዓት ያለው ኮንሰንትሬሽን ነው።

ማሌት ወደ ኦክሳሎአሴቴት ሲቀየር ስታንዳርዱ +29.7 ኪሎጁል በሞል ነው። አስፈሪ ቁጥር ነው። ግን የፕሮዳክቶቹ ከሪአክታንቶቹ ጋር ያላቸው ጥምርታ በአሥር እጥፍ በቀነሰ ቁጥር 5.7 ኪሎጁል ገደማ ይቀነሳል። 29.7ን ለ5.7 ስታካፍሉ 5.2 ያህል ነው፤ ስለዚህ ጥምርታው ከ160,000 እጥፍ ገደማ በላይ ወደ ሪአክታንቶቹ ካደላ ሪአክሽኑ ይሄዳል። ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ሲትሬት ሲንቴዝ ኦክሳሎአሴቴቱን ከሥር ከሥር እየወሰደ ኮንሰንትሬሽኑን በጣም ዝቅ አድርጎ ይይዘዋል። ከሪአክሽኑ የሚወጣው ኤሌክትሮን ተሸካሚ፣ ኤንኤዲኤች፣ ወደ ኤሌክትሮን ትራንስፖርት ይሄዳል። ፈተና ላይ ፖዘቲቭ ቁጥር ስታዩ «ቀጣዩ ኢንዛይም ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

እዚሁ ላይ ሁለት ነገር ይስተካከል። ኢንዛይም ዴልታ ጂን አይቀይርም፣ ፍጥነቱን ብቻ ነው የሚቀይረው። ሁለተኛ፣ ኤቲፒ የሴሉ ኃይል ተሸካሚ ነው፤ «የኤቲፒ ቦንድ ሲሰበር ኃይል ይወጣል» የሚለው አባባል ግን ያሳስታል። ቦንድ መስበር ምንጊዜም ኃይል ይበላል። ኃይሉ የሚመጣው ፕሮዳክቶቹ ከኤቲፒ የተረጋጉ በመሆናቸው ነው፤ የሚገፋፉት ኔጌቲቭ ቻርጆች ይለያያሉ፣ ውሃም በደንብ ይከባቸዋል።

«ግላይኮሊሲስን አጥንቼ በሳምንቱ ይጠፋብኛል»

ግላይኮሊሲስ ግሉኮስ የሚፈርስበት የአሥር ደረጃ መንገድ ነው። አሥር ስም በተርታ ማን ያስታውሳል? ስሙን ተዉና ቁጠሩ፦ ካርቦን፣ ፎስፌት፣ ኤሌክትሮን። ስድስት ካርቦን ገብቶ ለሁለት ይከፈላል። ሁለት ኤቲፒ ወጪ ይሆናል፣ አራት ይሠራል፣ ትርፉ ሁለት። ኤሌክትሮን የሚወጣው አንድ ቦታ ነው፣ ስድስተኛው ደረጃ ላይ። የማይመለሱት 1ኛው፣ 3ኛውና 10ኛው ናቸው፤ ሴሉ የሚቆጣጠረውም እነሱን ነው። ላክቴት ለምን ይሠራል? ስድስተኛው ደረጃ ኤንኤዲ ስለሚፈልግ፤ ላክቴት ሲሠራ ኤንኤዲኤቹ ወደ ኤንኤዲ ይመለሳል። ላክቴት መሥራቱ በራሱ አንድም ኤቲፒ አይሰጥም።

«አንዱ መጽሐፍ 38፣ ሌላው 32፣ ሌላው 30 ይላል»

ቁጥሩ ከአንድ ግሉኮስ የሚገኘው ኤቲፒ ነው። የቆዩት መጻሕፍት ለአንድ ኤንኤዲኤች 3፣ ለሌላው ኤሌክትሮን ተሸካሚ ለኤፍኤዲኤች2 ደግሞ 2 ኤቲፒ ይቆጥራሉ። አሁን የሚሠራበት 2.5 እና 1.5 ነው። ከአንድ ግሉኮስ ሚቶኮንድሪያ ውስጥ 8 ኤንኤዲኤች ይመጣል፣ 20 ኤቲፒ። 2 ኤፍኤዲኤች2፣ 3 ኤቲፒ። በቀጥታ የተሠራ 4። እስካሁን 27። የቀሩት ከግላይኮሊሲስ የወጡት 2 ኤንኤዲኤች ናቸው፤ በማሌት-አስፓርቴት ሸትል (ኤሌክትሮናቸውን ወደ ሚቶኮንድሪያ የሚያሻግር መንገድ) ከገቡ 5 ጨምሩ፣ 32። በግሊሰሮል ፎስፌት ሸትል ከሆነ 3፣ ማለትም 30። የጽሑፍ ፈተና ከሆነ የቱን ሸትልና የቱን ቁጥር እንደተጠቀማችሁ መልሱ ጎን ጻፉት። ምርጫ ከሆነና ያለው 38 ብቻ ከሆነ፣ ፈታኙ የቆየውን አቆጣጠር ነው የያዘው፤ 38ቱን አክብቡና እለፉ።