ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ ሃርድ ዲስክ መሰካትና መንቀል፦ ችግርና መፍትሄ

የማወራው ፋይል ብቻ ስለሚቀመጥበት ሁለተኛ የሳታ ዲስክ ነው (ሳታ ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው የመስመር ዓይነት ነው)። ዊንዶውስ የተጫነበትን ዲስክ ግን ኮምፒውተሩ በርቶ እያለ እንዳትነኩት።

"ሰካሁት፣ ሲሽከረከር ይሰማል፣ ግን አይታይም"

ድምፅ ካለ ኃይል አግኝቷል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት በሚነሳው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ውስጥ ነው። የሳታው ሞድ (አሠራር) ኤኤችሲአይ (AHCI) የሚባለው አዲሱ መሆኑን እዩና ዲስኩ በሚሰካበት ፖርት ላይ "ሆት ፕለግ" (ኮምፒውተሩ በርቶ መሰካት) የሚለውን አብሩ። ዊንዶውሱ በአሮጌው አይዲኢ (IDE) ሞድ ተጭኖ ከሆነ ግን ሞዱን ዝም ብላችሁ አትቀይሩ፤ ኮምፒውተሩ ላይነሳ ይችላል። ከዚያ ዲስክ ማኔጅመንት የሚባለውን የዊንዶውስ መሣሪያ ከፍታችሁ "ሪስካን ዲስክስ" (ዲስኮችን እንደገና ፈልግ) በሉ። "ኢኒሻላይዝ (እንደ አዲስ ዲስክ ዝግጁ) ላድርገው?" ብሎ ቢጠይቅ፣ ፋይል ያለበት ዲስክ ከሆነ በፍጹም እሺ አትበሉ።

"ገና ስሰካው ኮምፒውተሩ ጠፋ"

ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ መሽከርከር ሲጀምር ከ12 ቮልቱ መስመር እስከ 2 አምፒር አካባቢ ሊስብ ይችላል። ደካማ ፓወር ሰፕላይ ይህን አይችልም። ሌላው ተጠርጣሪ ሞሌክስ የሚባለው አሮጌው ባለ 4 ቀዳዳ የኃይል ሶኬት ነው። በሳታው ባለ 15 እግር የኃይል ሶኬት ላይ የግራውንድ (የመሬት መስመር) እግሮች ረዘም ስለሚሉ ቀድመው ይነካሉ። ሞሌክስ ላይ ግን የቱ ቀድሞ እንደሚነካ በዕድል ነው። ከሞሌክስ ወደ ሳታ የሚቀይር ገመድ ከሆነ ያላችሁ፣ የሞሌክሱን ጫፍ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እያለ ሰክታችሁ ተዉት።

"አውጣው ስለው፣ ዲስኩ ሥራ ላይ ነው ይለኛል"

የተከፈተ ፋይል ወይም ፎልደር አለ፤ አንዳንዴም አንቲቫይረሱ እየፈተሸ ነው። ዝጉት። እምቢ ካለ በዲስክ ማኔጅመንት "ኦፍላይን" (ዊንዶውስ የማይጠቀምበት) አድርጉት። አሁንም ካስቸገረ ኮምፒውተሩን ማጥፋት ነው፤ መጎተት የለም።

"ኮፒው አልቆ ነው የነቀልኩት፣ ፋይሉ ግን ተበላሸ"

ስክሪኑ ላይ አለቀ ማለት ዲስኩ ላይ ተጻፈ ማለት አይደለም። የመጨረሻው ክፍል ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ውስጥ ወረፋ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። ሁሌም ከመንቀላችሁ በፊት "ሴፍሊ ሪሙቭ" (በሰላም አውጣ) በሉ። ከዚያም ቶሎ አታንሱት። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ ኃይሉ ሲቋረጥ ወዲያው አይቆምም። እኔ አንዴ ቸኩዬ አንስቼ ላዞረው ስል እጄ ውስጥ እንደ ሕያው ነገር ታገለኝ፤ ደንግጬ ልጥለው ነበር። አሁን ግማሽ ደቂቃ እጠብቃለሁ።

ፋይሉ የተበላሸበትን ዲስክ መልሳችሁ ስትሰኩት "ጠቅ፣ ጠቅ" ካለ፣ ጥገና የሚባለውን ፕሮግራም አታስነሱበት። ወዲያው አጥፉትና ዳታ ለሚያወጣ ባለሙያ ስጡት።