ካርታ ላይ ስማቸው የሚጻፍ ከተሞችን ስንመርጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

ትልቁ ስህተት በሕዝብ ብዛት ብቻ መምረጥ ነው። የከተሞቹን ዝርዝር ፋይል ከብዙ ወደ ጥቂት እንደረድርና የላይኞቹን 30 ከተሞች እንወስዳለን። የኢትዮጵያ ካርታ ላይ ሞክሩት። መሃሉ ይጨናነቃል። አዲስ አበባ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ቢሾፍቱና አዳማ በ100 ኪሎ ሜትር ውስጥ ተደራርበው አይነበቡም። ደቡብ ምሥራቁ ግን ባዶውን ይቀራል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ጎዴ ከሰበታም ከቡራዩም ያነሰ ሕዝብ ስለነበራት ከሁለቱም በኋላ ትሰለፋለች። ሰበታን የሚፈልግ ሰው አዲስ አበባን ካየ ቦታው ይገባዋል። ዋቢ ሸበሌን ተከትሎ ወደ ታች ለሚወርድ አንባቢ ግን ያለ ጎዴ አቅጣጫው ይጠፋዋል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ከተማ አንድ ቁጥር አስሉ፦ በሕዝብ ብዛት ከእሱ የሚበልጠው ቅርቡ ከተማ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል? ለሰበታ 25 ገደማ ነው። ለጎዴ፣ በአገር ውስጥ ካየን፣ ከ300 ይበልጣል። ቁጥሩ የሚበልጠው ቅድሚያ ያግኝ። እኔ ከሕዝብ ብዛት ይልቅ ይህን ነው የማምነው።

ይህንንም ግን በጭፍን አትከተሉ። ዝቅተኛ የሕዝብ ገደብ ካላስቀመጣችሁ በረሃ ውስጥ ያለች ትንሽ መንደር ከጅማ እኩል ትጻፋለች። ሐረር ደግሞ ለድሬዳዋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለምትቀርብ ልትወድቅ ነው። የጀጎል ግንብ ከተማ ሐረር የሌለችበትን የምሥራቅ ካርታ ማን ይቀበላል? ላሊበላ፣ አክሱም፣ የአፋር ክልል ዋና ከተማ ሰመራም እንዲሁ ናቸው። እነዚህን በእጃችሁ አስገቡ። ፕሮግራሙ ታሪክ አያውቅም።

ግጭቱን ለሶፍትዌሩ መተውም ችግር ነው። ኪውጂአይኤስ (QGIS) የተባለው የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌር ሁለት ስሞች ሲጋጩ አንዱን ምንም ሳይናገር ይጥላል። ሁሉም እኩል ቅድሚያ ካላቸው ትልቁ ከተማ ሊጠፋ ይችላል። ያሰላችሁትን ቁጥር ከ0 እስከ 10 ወዳለ ደረጃ ቀይራችሁ ቅድሚያ በሚሰጠው ቦታ አስገቡለት፤ 10 ከፍተኛው ነው። ስም ከመጣላችሁ በፊትም ከነጥቡ በላይ በቀኝ፣ ካልሆነ በታች ወይም በግራ ሞክሩ።

ዙም በሚደረግ ካርታ ላይ ደግሞ አንድ ስም ታይቶ፣ ጠጋ ሲሉ መጥፋት የለበትም። ለየከተማው ስሙ የሚጀምርበትን የዙም ደረጃ አንዴ ወስኑ። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ይቆይ።

በመጨረሻ ፋይሉን በዓይናችሁ እዩት። አዳማና ናዝሬት፣ ቢሾፍቱና ደብረ ዘይት ለየብቻ ተመዝግበው ከሆነ አንድ ከተማ ሁለት ጊዜ ይጻፋል።