ሽጉጥ ከመግዛታችሁ በፊት ተከራይታችሁ ሞክሩ

አሜሪካ ሆናችሁ የመጀመሪያ ሽጉጣችሁን ልትገዙ ለምታስቡ። «የቱ ይሻላል?» ብላችሁ ሰው አትጠይቁ፣ ሁሉም የሚያሞግሰው የራሱን ነው። ብዙ የተኩስ መለማመጃ ቦታዎች ሽጉጥ ያከራያሉ፤ ሁለት ሦስት ዓይነት ተኩሱና እጃችሁ ይፍረድ።

ሱቅ ውስጥ ስትይዙት መጀመሪያ ካርታው (የጥይት መያዣው) መውጣቱንና ውስጡ ጥይት አለመኖሩን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ከዚያ ሻጩን አስፈቅዳችሁ፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙራችሁ፣ በርሜሉ ከክንዳችሁ ጋር ቀጥ እንዲል አድርጋችሁ ጨብጡና ጣታችሁን ቃታው ላይ አሳርፉ። የመጀመሪያው አንጓ መሃሉ ካረፈ ልካችሁ ነው። ለመድረስ እጃችሁን ማዞር ካስፈለገ ግን ይበልጣችኋል፣ ስትተኩሱም ከኢላማው ወደ ጎን ይወስድባችኋል። ሻጩ «ትለምደዋለህ» ቢል አትስሙት።

ደግሞ ትንሽ ሽጉጥ ለጀማሪ ይቀላል የሚባለው ነገር ዝም ብሎ ወሬ ነው። ሲግ ፒ365 ኪስ ይገባል፣ ግን ክብደቱ ቀላል፣ ቁመቱም አጭር ስለሆነ ያንኑ 9 ሚሊሜትር ጥይት ተኩሶ ከሱ ከሚተልቀው ግሎክ 19 የበለጠ እጅ ይመታል። ለቤት ከሆነ እኔ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ኤም ኤንድ ፒ 9ን እመርጣለሁ። መልኩ ብዙም አያምርም፣ የእጀታው ጀርባ ግን እንደ መዳፋችሁ ስፋት ይቀያየራል።

ሕጉ እንደየስቴቱ ነው። ሜሪላንድ ለምሳሌ ቀድሞ የብቃት ፈቃድ ትጠይቃለች። ልጆች ካሉ የሚቆለፍ ሳጥን በዚያው ቀን ግዙ።